በብሌንደር የካሜራ ትራኪንግ ቅንብሮችን ስለማስተካከል

በተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራ ነገር፣ ለምሳሌ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሣጥን፣ ለማስቀመጥ ስንነሣ ሶፍትዌሩ ካሜራው በየፍሬሙ (ቪዲዮውን በሚሠሩት ቋሚ ምስሎች በእያንዳንዱ) የት እንደነበረና ወዴት ይመለከት እንደነበር ማወቅ አለበት፤ ካሜራ ትራኪንግ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የሚያገኘው በምስሉ ላይ ያሉ ነጥቦች ከፍሬም ወደ ፍሬም የተጓዙበትን መንገድ ተከታትሎ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ነጥቦች ብቻ ተነሥቶ ሦስት ያልታወቁ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንዲያሰላ ይጠበቅበታል፦ የካሜራውን እንቅስቃሴ፣ የነጥቦቹን ትክክለኛ ቦታ፣ እኛ ካልነገርነው ደግሞ የሌንሱን ባሕርይ። አብዛኛው የተበላሸ ትራኪንግ የሚበላሸው ሦስቱም በአንድ ላይ ለግምት ሲተዉ ነውና፣ እዚህ የምከተለው አካሄድ የምናውቀውን ሁሉ አስቀድሞ መንገር፣ የማናውቀውን ደግሞ አንድ በአንድ ማስገመት ነው።

ማብራሪያው የተጻፈው በብሌንደር ላይ ተመሥርቶ ነው። ብሌንደር የሦስት አውታር (ስሪ ዲ) ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ነፃ ከመሆኑም በላይ፣ ሌሎች ሶፍትዌሮች ከተጠቃሚው የሚደብቋቸውን ቅንብሮች ሁሉ በግልጽ ያስቀምጣል። የካሜራ ትራኪንግ የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በወጣው 2.61 ቅጂው ሲሆን፣ ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው ሊብኤምቪ የተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ኮድ ስብስብ) ነው። በሌላ ሶፍትዌር የሚሠሩ አንባቢዎችም የቅንብሮቹ ስም ይለያይባቸው እንጂ ሐሳቡ ያው ስለሆነ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ስለ አፍተር ኢፌክትስ ጥቂት ጨምሬያለሁ።

ከሶፍትዌሩ በፊት፦ ቪዲዮው

ቀረጻው በእርስዎ እጅ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው የካሜራውን ምስል ማረጋጊያ ያጥፉ። ማረጋጊያው እንደየዓይነቱ የሌንሱን ክፍል ወይም ሴንሰሩን (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠውን ክፍል) ያንቀሳቅሳል፣ አለዚያም ምስሉን በየፍሬሙ እየቆረጠ ያሸጋሽጋል፤ ሶፍትዌሩ ግን የሌንሱ ማዕከል በምስሉ መካከል ላይ ሳይነቃነቅ እንደቆመ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ዙሙን አይንኩ፤ ፎከሱንም በእጅ አስተካክለው ይቆልፉት፣ ምክንያቱም ብዙ ሌንሶች ፎከሳቸው ሲቀየር የእይታ ስፋታቸውም በጥቂቱ ይቀየራል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ የተለመደው የመዝጊያ ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ነው፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ካለ ወደ 1/100 ማሳጠር የእንቅስቃሴ ብዥታውን በግማሽ ይቀንሰዋል። የጎደለ ብዥታ በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ የተቀረጸን ብዥታ ማንሣት ግን እጅግ ከባድ ነው።

አንድ በቅንብር የማይፈታ ችግርም አለ። የአብዛኞቹ ስልኮችና ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን መስመር በመስመር እያነበበ ስለሚሄድ፣ ካሜራው በፍጥነት ወደ ጎን ሲዞር ቀጥ ያለ ምሰሶ ዘንበል ብሎ ይታያል። የብሌንደር ስሌት ይህን የሚያካክስበት ቅንብር የለውም። ስለዚህ የሚያዋጣው ካሜራውን ዝግ አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው።

ስልኮች ብዙውን ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ የሚዋዥቅ ቪዲዮ እንደሚቀርጹም መታወስ አለበት። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ እንደ ኤፍኤፍኤምፔግ ባለ መሣሪያ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ሰጥቶ ወደ ተከታታይ የፒኤንጂ ምስሎች መለወጥ ይሻላል። ቦታ ይበላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ፋይል ስለሚሆን፣ ዛሬ 112ኛ ሆኖ የታየው ፍሬም ነገ 113ኛ ሆኖ አይጠብቅዎትም።

ቪዲዮው ከተዘጋጀ በኋላ ብሌንደርን ከፍተው ከ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ «ኒው» ቀጥሎም «ቪኤፍኤክስ» የሚለውን ይምረጡ። የፕሮጀክቱን የፍሬም ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር አንድ ካደረጉ በኋላ ቪዲዮውን በሙቪ ክሊፕ ኤዲተር ይክፈቱት። «ሴት ሲን ፍሬምስ» የሚለው ቁልፍ የፕሮጀክቱን ርዝመት ከቪዲዮው ጋር ያስተካክላል፤ «ፕሪፌች» ደግሞ ምስሎቹን ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ስለሚጭን ከፍሬም ወደ ፍሬም መመላለሱን ያፈጥናል።

ሌንስና ሴንሰር

ማርከር፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚከታተለውን ነጥብ የሚያመለክት ምልክት፣ ማስቀመጥ ከመጀመርዎ በፊት የኤን ቁልፍን ተጭነው በስተቀኝ የሚወጣውን ፓነል ይክፈቱና «ትራክ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ካሜራ» እና «ሌንስ» የሚሉትን ይፈልጉ። እዚያ የሚሞሉት ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (በሚሊ ሜትር የሚለካው፣ ሲያድግ እይታው የሚጠብበት ቁጥር)፣ በአንድነት የሚወስኑት አንድ ነገር ነው፦ ካሜራው ምን ያህል ሰፊ ማዕዘን እንደሚያይ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ትክክል ቢሆን ጥቅም የለውም።

በቁጥር እንየው። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰሩ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን የሚያየው ማዕዘን 73.7 ዲግሪ ገደማ ነው። ያንኑ ሌንስ 23.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ላይ ብንገጥመው ማዕዘኑ ወደ 52 ዲግሪ ይወርዳል። በትንሹ ሴንሰር ቀርጾ የሴንሰሩ ስፋት በሚጻፍበት ቦታ 36 ብሎ የሚተው ሰው፣ ሶፍትዌሩን ካሜራው ካየው በ20 ዲግሪ የሚበልጥ ዓለም ውስጥ እያሠራው ነው ማለት ነው። ስሌቱም ይህን ውሸት ለማስታረቅ ሲል ጥልቀቱን ያዛባል፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ መሆኑ ይቀርና ጠቦ ወይም ተከፍቶ ይወጣል።

ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን የማይበቃበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ ካሜራዎች በ4ኬ ሲቀርጹ ሙሉውን ሴንሰር ሳይሆን መካከለኛውን ክፍል ብቻ ይጠቀማሉ፤ እንዲያ ሲሆን መጻፍ ያለበት ጥቅም ላይ የዋለው ክፍል ስፋት ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ አምራቹ «26 ሚሊ ሜትር» ብሎ የሚያስተዋውቀው ቁጥር ከሙሉ ፍሬም ጋር ተነጻጽሮ የተሰጠ እንጂ የሌንሱ እውነተኛ ልክ አይደለም። በዚህ ጊዜ የሴንሰሩን ስፋት 36፣ ፎካል ሌንግዙን 26 ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን ንጽጽሩ የሚሠራው በምስሉ ሰያፍ ርዝመት ስለሆነና ስልኩ ለቪዲዮ ሲል ምስሉን ስለሚቆርጥ፣ ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ እውነት አይቁጠሩት።

ፎካል ሌንግዙን በፒክስልም ማስገባት ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ፎካል ሌንግዙ ለሴንሰሩ ስፋት ይካፈልና በምስሉ ስፋት ይባዛል፤ ለ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለ36 ሚሊ ሜትር ሴንሰርና ለ1920 ፒክስል ምስል 1280 ፒክስል ይሆናል። ይህን ማወቅ አንድ ጊዜ ከብዙ ድካም አድኖኛል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተቀረጸ ነው ተብሎ የተሰጠኝ የመወጣጫ ደረጃ ቀረጻ ነበር፤ ቁጥሩን እንደተነገረኝ አስገብቼ ባሰላው ስሕተቱ (የተሰላው ነጥብ ከማርከሩ የሚርቅበት መጠን) ከ4 ፒክስል አልወርድ አለኝ። ማርከሮቹን ሁለት ጊዜ ከባዶ ጀመርኩ። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ፎካል ሌንግዙን ራሱ እንዲፈልግ ስፈቅድለት 52 አካባቢ ላይ ቆመ፤ እኔም አላመንኩትም። ቪዲዮውን የሰጠኝን ሰው መልሼ ስጠይቅ ግን፣ ከመላኩ በፊት ምስሉን ወደ 150 በመቶ አሳድጎት እንደነበር አስታወሰ። 35 በ1.5 ሲባዛ 52.5 ነው። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ስቀበል የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ሌንሱ ሳይሆን፣ ከካሜራው ከወጣ በኋላ ማን ምን እንዳደረገበት ነው።

የሌንሱን መዛባት፣ ማለትም ቀጥ ያለውን መስመር ጎብጦ የሚያሳይበትን ባሕርይ፣ የሚገልጹትን ኬ1፣ ኬ2 የተባሉ ቁጥሮች ለጊዜው ዜሮ ላይ ይተዉአቸው። ከመዛባት ሞዴሎቹም መጀመሪያ የሚመጣው «ፖሊኖሚያል» ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

የማርከር ቅንብሮች

በስተግራ ባለው ፓነል «ትራኪንግ ሴቲንግስ» የሚለው ሥር የሚገኙት ቅንብሮች የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ማርከሮች ብቻ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ይቀይርና ቀድሞ ባስቀመጠው ማርከር ላይ ለውጥ ይጠብቃል። የተፈጠረን ማርከር ለማስተካከል ማርከሩን መርጦ በስተቀኝ ካለው ፓነል የራሱን ቅንብር መቀየር ያስፈልጋል።

«ፓተርን ሳይዝ» ሶፍትዌሩ የሚያስታውሰው ቁራጭ ምስል ስፋት ሲሆን፣ «ሰርች ሳይዝ» ያንን ቁራጭ በቀጣዩ ፍሬም የሚፈልግበት አካባቢ ስፋት ነው። ሳይነኩ የሚገኙት 21 እና 71 ፒክስል ሆነው ነው። ከ71 ላይ 21 ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል 25 ይሆናል፤ ስለዚህ ነጥቡ በአንድ ፍሬም ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ከ25 ፒክስል በላይ ከተጓዘ፣ ሶፍትዌሩ በሚፈልግበት አካባቢ ውስጥ የለም፤ ሌላ ምንም ቅንብር ቢቀየር አያገኘውም። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው እንቅስቃሴው የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጎ፣ አንድን ጎልቶ የሚታይ ጫፍ በሁለት ተከታታይ ፍሬሞች ላይ ማየት ነው። 40 ፒክስል ያህል ከዘለለ፣ የ40 እጥፍ ላይ 21 ሲደመር 101 ይሆናልና ትንሽ ለቀቅ አድርጌ 120 እሰጠዋለሁ። ምስሉ 3840 ፒክስል ስፋት ካለው ደግሞ ፓተርኑንም ወደ 35 ወይም 41 ማሳደግ ተገቢ ነው፤ በዚያ ምስል ላይ 21 ፒክስል ማለት በጣም ትንሽ ቁራጭ ነው። ሆኖም የፍለጋውን አካባቢ ያለ ልክ ማስፋት ሌላ መዘዝ አለው፦ በተነጠፈ ሸክላ ወይም በተደረደሩ መስኮቶች ላይ ማርከሩ ከራሱ መስኮት ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ መስኮት ይዘልና እዚያው በሰላም ይቀጥላል።

«ሞሽን ሞዴል» የሚለው ቁራጩ ምስል እንዴት ሊለወጥ እንደሚችል ለሶፍትዌሩ የሚነግር ነው። «ሎኬሽን» ቦታውን ብቻ ይከተላል፤ ለትናንሽ ነጥቦችና ካሜራው ብዙም ለማይቀርብበት ቀረጻ ይህ ይበቃል፤ ፈጣንም ነው። ካሜራው ወደ ፊት እየገፋ የሚሄድ ከሆነ ነጥቡ እያደገ ስለሚመጣ መጠንን የሚጨምረው ሞዴል ያስፈልጋል፤ ካሜራው በራሱ ዙሪያ ዘንበል የሚል ከሆነ ደግሞ ዙረትን የሚጨምረው። «ፐርስፔክቲቭ» የሚባለው ከሁሉ የበለጠ ነፃነት ያለው ሲሆን፣ እንደ ፖስተር ያለ ጠፍጣፋና ዝርዝር የበዛበት ገጽ ላይ ድንቅ ይሠራል። ነፃነት ግን በነፃ አይገኝም፤ ትንሽ ነጥብ ላይ ሲሰጥ ማርከሩ ለመለወጥ የሚያስችለው በቂ ዝርዝር ስለማያገኝ ይንቀጠቀጣል።

«ማች» ከሚለው ሥር «ኪይፍሬም» ሲመረጥ እያንዳንዱ ፍሬም የሚነጻጸረው ማርከሩ በእጅ ከተቀመጠበት ፍሬም ጋር ነው፤ «ፕሪቪየስ ፍሬም» ሲሆን ደግሞ ወዲያው ከቀደመው ጋር። የመጀመሪያው ማርከሩ ቀስ በቀስ እንዳይንሸራተት ይጠብቀዋል፣ ነገር ግን ነጥቡ መልኩን ሲለውጥ ይቆማል። ሁለተኛው ከለውጡ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ነገር ግን በየፍሬሙ የሚፈጠረው ቅንጣት ስሕተት እየተደመረ በ100ኛው ፍሬም ላይ ማርከሩ ከጥግ ተነሥቶ ግድግዳው መሐል ይገኛል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። እኔ የቆመ ማርከርን ከተንሸራተተ ማርከር አብልጬ እመርጣለሁ፤ የቆመውን አይቼ አስተካክለዋለሁ፣ የተንሸራተተውን ግን ላላየው እችላለሁ። በዚሁ ምክንያት 0.75 ሆኖ የሚገኘውን «ኮሪሌሽን»፣ ማለትም ማርከሩ እንዲቀጥል የሚጠየቀውን ዝቅተኛ መመሳሰል፣ ወደ 0.9 ከፍ አደርገዋለሁ፤ ሶፍትዌሩ እርግጠኛ ካልሆነ ከመገመት ይልቅ ቢቆም ይሻላል።

የቀሩት አጭር ናቸው። ነጥቡን መጀመሪያ በግርድፉ፣ ቀጥሎ በጥንቃቄ የሚፈልገው «ፕሪፓስ» በርቶ ይቆይ። «ኖርማላይዝ» የሚበራው ብርሃኑ በቀረጻው መካከል የሚለዋወጥ ከሆነ ነው። «ማርጂን» ማርከሩ ከምስሉ ጠርዝ ስንት ፒክስል ሲቀረው መቆም እንዳለበት ይወስናል፤ 20 አካባቢ ማድረግ ጠርዝ ላይ ደርሰው የሚበላሹትን ያስቀራል። ከሦስቱ የቀለም ቻናሎች ሰማያዊው ብዙውን ጊዜ ኖይዝ (የማይፈለግ ነጠብጣብ) የሚበዛበት ስለሆነ፣ ጨለም ባለ ቀረጻ ላይ እሱን ማጥፋት ማርከሮቹን ያረጋጋል።

ነጥብ መምረጥ

«ዲቴክት ፊቸርስ» የሚለው ትእዛዝ ማርከሮችን በራሱ ይበትናል፤ ለመነሻ መጥፎ አይደለም፤ ሰው የሚያስተውለውን ግን አያስተውልም። የሚንቀሳቀስ ጥላ፣ መስታወት ላይ የሚታይ ነጸብራቅ፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የሰው ልብስ ሁሉ ለእርሱ ጥሩ ነጥብ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሌለ ጥግ ነው፦ ቅርብ ያለ የምሰሶ ጠርዝ ሩቅ ካለ የመስኮት ጠርዝ ጋር ሲቋረጥ በምስሉ ላይ ጥርት ያለ መስቀል ይሠራል፤ ይህ መስቀል ግን በእውኑ ዓለም የትም ቦታ የለም፣ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥርም በሁለቱ ጠርዞች መካከል ይንሸራተታል። ማርከሩ በትክክል ይከተለዋል፤ ስሌቱ ግን ይበላሻል።

ስለዚህ በእጅ ማስቀመጥ ይሻላል። የኮንትሮል ቁልፍን ይዘው ምስሉን ጠቅ ሲያደርጉ ማርከር ይፈጠራል፤ ኮንትሮልና ቲ ወደ ፊት፣ ኮንትሮል ሺፍትና ቲ ወደ ኋላ ይከታተላሉ። የኤል ቁልፍ እይታውን በተመረጠው ማርከር ላይ ስለሚቆልፍ፣ ቪዲዮውን ሲያጫውቱ ነጥቡ መሐል ላይ ቆሞ ዓለሙ በዙሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ሽርተት ያለ ማርከር ከዚህ የተሻለ የሚታይበት መንገድ አላውቅም። ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ነጥቦች በየትኛውም ፍሬም ላይ እንዲኖሩ፣ ከቅርብም ከመካከልም ከሩቅም እንዲወሰዱ፣ ከምስሉ አራት ማዕዘናትም እንዳይጠፉ ያድርጉ። ሣጥኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቢያንስ አራት አምስት ነጥቦች መኖር አለባቸው።

ስሌቱ

በ«ሶልቭ» ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚወሰነው ካሜራው በእርግጥ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ወይስ ባለበት ዞሯል የሚለው ነው። በትራይፖድ ላይ ሆኖ የዞረ ካሜራ ቅርብ ያለውን ነገር ከሩቁ አብልጦ አያንቀሳቅሰውም፤ ያ ልዩነት ከሌለ ጥልቀትን ማስላት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን «ትራይፖድ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ውጤቱ የካሜራውን አዟዟር ብቻ ይሰጥዎታል፣ የነጥቦቹ ርቀት ግን ትርጉም አይኖረውም።

ካሜራው ከተንቀሳቀሰ «ኪይፍሬም ኤ» እና «ኪይፍሬም ቢ» የሚባሉ ሁለት ፍሬሞች ይመረጣሉ። ሶፍትዌሩ የጥልቀቱን የመጀመሪያ ንድፍ የሚሠራው ከእነዚህ ሁለቱ ስለሆነ፣ በሁለቱም ላይ የሚገኙ ቢያንስ 8 የጋራ ማርከሮች ያስፈልጉታል። ሳይነኩ 1 እና 30 ሆነው ይገኛሉ፤ ለቀረጻዎ ግን ላይስማሙ ይችላሉ። በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ካሜራው በደንብ ወደ ጎን የተጓዘበትን፣ ሆኖም አብዛኞቹ ነጥቦች አሁንም የሚታዩበትን ይምረጡ። «ኪይፍሬም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረጉ ሶፍትዌሩ ራሱ ይመርጣል፤ ውጤቱ ደስ ካላለዎት በእጅ መሞከር ያዋጣል፣ የሁለቱ ፍሬሞች መቀየር ብቻውን ስሕተቱን በግማሽ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ከዚያ «ሪፋይን» የሚባሉትን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሌንሱን ቁጥሮች ራሱ እንዲያስተካክል የሚፈቅዱትን፣ አማራጮች ሁሉ አጥፍተው ያስሉ። የስሕተቱን ቁጥር ይጻፉት። ቀጥሎ «ፎካል ሌንግዝ» የሚለውን ብቻ አብርተው እንደገና ያስሉና ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ ስሕተቱ ምን ያህል ወረደ፣ ፎካል ሌንግዙስ ምን ያህል ተቀየረ። ከ24 ወደ 24.6 ከሄደ ደህና ነው። ከ24 ወደ 61 ከሄደ ግን፣ ስሕተቱ የቱንም ያህል ቢወርድ፣ ወይ የሴንሰሩ ስፋት ተሳስቷል፣ ወይ ቪዲዮው ተነካክቷል፣ አለዚያም መጥፎ ማርከሮች አሉ። በሦስተኛው ዙር የሌንሱን መዛባት የሚያሰላው «ራዲያል ዲስቶርሽን» ይጨመራል፤ ይህ የሚሠራው በምስሉ ጠርዝ አካባቢ በቂ ማርከር ካለ ብቻ ነው፣ መዛባቱ የሚጎላው እዚያ ነውና። «ኦፕቲካል ሴንተር» የሚለውን ምስሉ ከአንድ ወገን ተቆርጦ ካልሆነ በስተቀር አልነካውም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማብራት አንዱ የሌላውን ስሕተት እንዲሸፍን ያደርገዋል።

ቁጥሩ የሚዋሽበት ጊዜ

የስሕተቱ ቁጥር የሚለካው በፒክስል ሲሆን፣ የተሰላው ነጥብ በካሜራው ተመልሶ ሲታይ ከማርከሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ከ0.3 በታች በጣም ጥሩ፣ እስከ 1 ድረስ ለሥራ የሚበቃ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሊመረመር የሚገባው ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ሆኖም 3840 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ላይ 1 ፒክስል በ1920 ላይ ካለው ግማሽ ፒክስል ጋር እኩል ስለሆነ፣ የምስሉን መጠን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቁጥሩን ማሳደድ ነው። አንድ ጊዜ ስሕተታቸው ከፍ ያሉትን ማርከሮች አንድ በአንድ እየሰረዝኩ 0.2 ላይ ደረስኩና ሥራው ያለቀ መሰለኝ። የተረፉት ዘጠኝ ማርከሮች ነበሩ፤ ሁሉም ሩቅ ባለው ግድግዳ ላይ። ሩቅ ያለ ነጥብ በምስሉ ላይ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ስሕተቱ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ቅርብ ያለው ግን ብዙ ስለሚጓዝ የሌንሱን ስሕተት ሁሉ ተሸክሞ ይታያል። እኔ የሰረዝኩት ስሕተቱን ሳይሆን ስሕተቱን የሚመሰክሩትን ነበር። ወለሉ ላይ ያስቀመጥኩት ሣጥን እግሩ እንደ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ነው የገባኝ።

ስለዚህ «ክሊን ትራክስ» የሚለውን ሲጠቀሙ እንዲሰርዝ ሳይሆን እንዲመርጥ ብቻ ያድርጉት፤ የተመረጡትን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። በግራፍ እይታው ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ወደ ጎንና ወደ ላይ ያለውን ፍጥነት ያሳያሉ፤ ድንገት ሾልኮ የወጣ ጫፍ ካለ በዚያ ፍሬም ላይ ማርከሩ ዘልሏል። ማርከሩ ጥሩ ሆኖ ሁለት ሦስት ፍሬም ብቻ ከተበላሸ እነዚያን ማስተካከል ይበቃል። ጥርጣሬ ካለብዎ ከመሰረዝዎ በፊት «ዌይት» የሚለውን፣ ማለትም ማርከሩ በስሌቱ ውስጥ ያለውን ክብደት፣ ወደ ዜሮ ያውርዱትና ያስሉ፤ ለውጡ ካልጠቀመ ወደ 1 መመለስ ቀላል ነው። ካሜራው አንድ ፍሬም ላይ ድንገት የሚርገበገብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በዚያ ፍሬም ላይ አንድ ጠቃሚ ማርከር መጀመሩ ወይም ማብቃቱ ነው፤ የማርከሩን ክብደት በ10 ፍሬም ውስጥ ቀስ አድርጎ ከዜሮ ወደ 1 ማሳደግ ዝላዩን ያለሰልሰዋል።

ወለልና ልኬት

ስሌቱ የካሜራውን መንገድ ቅርጽ እንጂ ወደ ላይ የቱ እንደሆነና አንድ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያሉ ሦስት ማርከሮችን መርጠው «ፍሎር» ይበሉ፤ አንዱን ብቻ መርጠው «ሴት ኦሪጅን»፤ ሌላውን መርጠው «ሴት ኤክስ አክሲስ»። ሦስቱ ማርከሮች ተራርቀው ቢገኙ ይሻላል፤ ተጠጋግተው ካሉ የአንዱ ትንሽ ስሕተት ወለሉን በሙሉ ያዘምመዋል። ለልኬቱ ርቀታቸው የሚታወቅ ሁለት ማርከሮች ያስፈልጋሉ። በቀረጻው ዕለት የጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ለክተው ከያዙ፣ በሁለቱ ጥጎች ላይ ያሉትን ማርከሮች መርጠው ርቀቱን 0.6 ብለው «ሴት ስኬል» ይጫኑ።

አሁን ነጥቦቹን በሦስት አውታር እይታው ውስጥ ከጎን ይመልከቷቸው። የጠረጴዛው ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ከተደረደሩ ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ሆኖ ተሰልቷል። ከላይ ሲታዩም የጠረጴዛው ጥግ ዘጠና ዲግሪ መሆን አለበት። ጠረጴዛው እንደ ሳህን ጎብጦ ከታየ የሌንሱ መዛባት አልተሰላም ማለት ነው፤ ጥጉ ከጠበበ ወይም ከተከፈተ ፎካል ሌንግዙ ተሳስቷል። እኔ ከስሕተቱ ቁጥር ይልቅ ይህን ምርመራ አምናለሁ።

በአፍተር ኢፌክትስ ለሚሠሩ

በ2012 በሲኤስ6 ቅጂ የመጣው የአፍተር ኢፌክትስ ስሪ ዲ ካሜራ ትራከር አብዛኛውን ነገር በራሱ ይወስናል፤ ሦስት ቅንብሮች ግን ለተጠቃሚው ተትተዋል። «ሾት ታይፕ» ላይ ማዕዘኑን የሚያውቁት ከሆነ «ስፔሲፋይ አንግል ኦፍ ቪው» ብለው ከሴንሰሩ ስፋትና ከፎካል ሌንግዙ የሚገኘውን ዲግሪ ያስገቡ፤ ዙም በቀረጻው መካከል ካልተቀየረ «ቬሪያብል ዙም» የሚለውን አይምረጡ። «ሶልቭ ሜተድ» ላይ ካሜራው ባለበት የዞረ ከሆነ «ትራይፖድ ፓን»፣ የሚታየው ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ከሆነ «ሞስትሊ ፍላት ሲን» ይመረጣል። ነጥቦቹ ካነሱ «ዲቴይልድ አናሊሲስ» ይጠቅማል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።

መዛባቱን መመለስ

ወደ ብሌንደር እንመለስ። የተሰላው ካሜራ መዛባት የሌለበት ፍጹም ሌንስ ነው፤ ቪዲዮው ግን የተቀረጸው በተዛባ ሌንስ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ቪዲዮውን ማቅናት ወይም የተሠራውን ሣጥን ማዛባት ይቻላል። «ሴትአፕ ትራኪንግ ሲን» የሚለው ቁልፍ ካሜራውን፣ ወለሉን፣ የሙከራ ኩቡንና የማዋሃጃ ኖዶቹን (ቪዲዮውና የተሠራው ነገር በኮምፖዚተሩ ውስጥ የሚዋሃዱባቸውን የሥራ ደረጃዎች) በአንድ ጊዜ ያዘጋጃል፤ በኖዶቹም ቪዲዮውን ያቀናዋል። ለመጨረሻው ሥራ ግን ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም ዋናው ቪዲዮ ፒክስሉ ሳይነካ ይቀራል። ለዚህም በኮምፖዚተሩ ውስጥ ለተሠራው ነገር «ሙቪ ዲስቶርሽን» የተባለውን ኖድ አስገብተው «ዲስቶርት» ላይ ያድርጉት።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ በሚያጎብጥ ሰፊ ሌንስ ላይ የተሠራው ምስል ሲዛባ ወደ መሐል ስለሚሰበሰብ አራቱ ማዕዘናት ባዶ ይቀራሉ። ሣጥኑ መሐል ላይ ከሆነ አይታወቅም፤ ወደ ጠርዝ የሚወጣ ከሆነ ግን ከምስሉ ዳር ጥቂት ቀደም ብሎ ተቆርጦ ይታያል። መፍትሔው ምስሉን ከክፈፉ ሰፋ አድርጎ ማውጣት፣ ማለትም የካሜራውን ሴንሰር ስፋትና የምስሉን መጠን በእኩል ምጣኔ ማሳደግ፣ ከተዛባ በኋላም ትርፉን መቁረጥ ነው። ሙሉውን ቪዲዮ ለማውጣት ከመጀመርዎ በፊት ሣጥኑ ጠርዝ ላይ የደረሰበትን አንድ ፍሬም ብቻ አውጥተው፣ የሣጥኑ ግርጌ ጠረጴዛው ላይ ካለው ማርከር ጋር መግጠሙን በ200 በመቶ አጉልተው ያረጋግጡ።